«ተገለጸ» ያለው ማነው?

አራት ኪሎ፣ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ድርጅት አካባቢ ማለዳ የሚቆሙት ጋዜጣ አዟሪዎች ቁጥራቸው ከዓመት ዓመት እየሳሳ መጥቷል። ሰዎች አጥር ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ በሳንቲም እየተከራዩ የሚያነቡበት ዘመን ነበር፤ አንዱ የስፖርቱን፣ ሌላው የክፍት ሥራ ቦታውን፣ ሦስተኛው የፖለቲካውን ገጽ ይዞ ድምፁን አጥፍቶ ያነባል። ሰሞኑን በአዲሱ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ላይ ሁለት ጋዜጣ ገዝቼ ወደ ፒያሳ ሳቀና፣ በዚያው የቆየ ልማድ የፊት ገጾቹን እየተራመድኩ አነበብኩ። «ተገለጸ»፣ «ተጠቆመ»፣ «ተባለ»፣ «ታወቀ» ይላሉ ርዕሶቹ። ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ቆም ብዬ ስልኬን ከፈትኩና የቴሌግራም የዜና ገጾችን አየሁ። እዚያም ያው ነው፤ ከፊቱ «ሰበር» የሚል ቃል ተጨምሮበታል።

በጋዜጣ ሥራ ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ፤ እነዚህን ግሦች እኔም ስጽፋቸው ኖሬያለሁ። የአገራችን ዜና ትልቁ ሕመም ምንድን ነው ተብዬ ብጠየቅ፣ ከውሸቱ በፊት ይህን ባለቤት የሌለው ግሥ እጠቅሳለሁ። ውሸት አንድ ቀን ይጋለጣል፤ የዋሸውም ሰው ይታወቃል። «ተገለጸ» ግን ነገሩ እውነት ሆኖ ቢገኝም ሐሰት ሆኖ ቢገኝም የሚጠየቅለት ሰው የለውም።

«የስንዴ ዱቄት ዋጋ ሊጨምር እንደሚችል ተጠቆመ» የሚል ርዕስ እንውሰድ። ጠቋሚው የዱቄት ፋብሪካ ባለቤት ከሆነ በነገሩ ውስጥ ጥቅም አለው። የንግድ ቢሮ ኃላፊ ከሆነ የተወሰነ ወይም ሊወሰን የተቃረበ ነገር አለ ማለት ነው። የዳቦ ቤት ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ የትናንቱን ደረሰኝ አይቶ የገመተው ነው። ሦስቱም መናገር ይችላሉ፤ ሦስቱም ሊሰሙ ይገባል። የቃላቸው ክብደት ግን የተለያየ ነው፤ «ተጠቆመ» ሲባል ሦስቱም አንድ ዓይነት ካባ ለብሰው ይወጣሉ። ዱቄቱን ዛሬ ልግዛ ወይስ ልቆይ ብላ የምታስብ እናት ማወቅ የሚያስፈልጋት ካባውን የለበሰውን ሰው ነበር።

ባለቤት ያላቸው ግሦችም ቢሆኑ እኩል አይደሉም። «አለ» እና «ተናገረ» ትሑታን ናቸው፤ የተነገረውን ለተናጋሪው ትተው ይቆማሉ። «አመነ» ተናጋሪውን አስቀድሞ ጥፋተኛ ያደርገዋል። «አጋለጠ» የተባለውን ነገር እውነት ነው ብሎ ተቀብሎ ይነሣል። «አስተባበለ» በብዙ አንባቢ ጆሮ «ካደ» ለመባል የሚቀረው ጥቂት ነው። ያለ አግባብ በመሠራት የሚብሰው ግን «አረጋገጠ» ነው። አንድ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ በስልክ የነገሩንን «አረጋገጡ» ብለን እንጽፋለን። እሳቸው የነገሩን መሥሪያ ቤታቸው የሚለውን ነው። ማረጋገጥ የእኛ ሥራ ነበር፦ ሰነዱን ማየት፣ ቦታው ድረስ መሄድ፣ ነገሩ የሚነካውን ሌላ ሰው መጠየቅ። ይህን ሳንሠራ ግሡን ለኃላፊው ስንሰጥ፣ ልንደክምበት የሚገባንን ሥራ በእሳቸው ሥልጣን ሸፍነን አለፍን ማለት ነው።

ይህ ከውጭ የመጣ የጋዜጠኝነት ትምህርት የሚመስለው ሰው ካለ የአገሩን ሙግት ያስታውስ። በላ ልበልሃ እያሉ ዛፍ ሥር ሲሟገቱ የኖሩ አባቶቻችን፣ «ተጠየቅ» ብለው ባላጋራቸውን ፊት ለፊት ያቆሙ ነበር። ነገሩን በዓይኑ ያየ እማኝ ይጠራል፤ ከሌላ የሰማውን የሚያወራ ሰው ቃሉ የስሚ ስሚ ይባልና ይቀልላል። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» የሚለው ምክርም፣ ሊሆን የማይችለውን ነገር «በሬ ወለደ» ብሎ መሸኘትም ማስረጃን መመዘን የለመደ ሕዝብ ንግግር ነው። አሉባልታ የሚለውን ቃል ልብ ብላችሁ ስሙት፤ ሆዱ ውስጥ «አሉ» ተቀምጧል። ማን እንዳለው የማይታወቅ «አሉ» ምን ተብሎ እንደሚጠራ ቋንቋችን ቀድሞ ወስኗል።

ሌላም ትውፊት ነበረን፤ እሱን መደበቅ አይገባም። ሌባሻይ በሚባለው አሠራር ንብረት የጠፋበት ሰው አቤት ሲል አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና ይለቀቃል። ልጁ ራሱን ስቶ እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ልጁ ምን አየህ አይባልም፤ የቤቱም ጌታ ምን ትላለህ ተብሎ አይጠየቅም። አሠራሩ ከቀረ ዘመን አልፎታል። ሆኖም የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ከስሙ ጋር በፌስቡክ ተለቆ በአንድ ሌሊት ብዙዎች ሲቀባበሉት ባየሁ ቁጥር ያ የሚንገዳገድ ልጅ በዓይኔ ይመጣል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ አንድ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ስማቸውና ምስላቸው ከከባድ ውንጀላ ጋር በፌስቡክ ከተሠራጨ በኋላ በመኖሪያ ቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው የፌስቡክን ባለቤት ኩባንያ ሜታን ናይሮቢ በሚገኝ ፍርድ ቤት ከሷል።

እኛ የጋዜጣና የሬዲዮ ሰዎች እንዲህ ያለው ነገር ሲነሣ እጃችንን መታጠብ ይቀናናል፤ ያ የማኅበራዊ ሚዲያ ጉዳይ ነው፣ የእኛ ሥራ አይደለም እንላለን። እኔ ይህን ማለት ከተውኩ ቆየሁ። ለአሥርት ዓመታት «ተገለጸ» ስንለው የኖረ አንባቢ «ማን ገለጸ?» ብሎ የመጠየቅን ልማድ ከየት ያመጣዋል? ባለቤት የሌለውን ዓረፍተ ነገር በዜና ወግ አስጊጠን ያስለመድነው እኛ ነን።

ይህን ያስተማረኝ አንድ ሰው ነው። ገና ወጣት የፍርድ ቤት ዘጋቢ ሳለሁ በፒያሳ ወርቅ ቤት የነበራቸው አንድ ሽማግሌ የተሰረቀ ጌጥ ገዝተዋል ተብለው ተያዙ። ፖሊስ መግለጫ ሰጠ፤ እኔም ጻፍኩ። ርዕሱ «የተሰረቀ ወርቅ ሲያዘዋውር የነበረ ነጋዴ በቁጥጥር ሥር ዋለ» የሚል ነበር። ስማቸውም የሱቃቸውም መጠሪያ ታተመ። ዛሬ ያንን ርዕስ ሳየው ጥፋቱ የት እንዳለ በጣቴ ላሳይ እችላለሁ፦ «ሲያዘዋውር የነበረ»። ይህ ሐረግ ፖሊስ አለ አይልም፤ ተጠረጠረ አይልም። በራሴ አንደበት፣ በጋዜጣው ስም፣ ሰውየው አድርገውታል ብዬ መስክሬአለሁ። መያዛቸውን አውቅ ነበር፤ ማዘዋወራቸውን ግን አላውቅም ነበር።

ከሳምንታት በኋላ መዝገቡ በማስረጃ እጥረት ተዘጋና ተለቀቁ። ይህን ለዝግጅት ክፍላችን የነገረን አልነበረም፤ እኔም አልተከታተልኩም። እሳቸው ራሳቸው መጡ። ነጭ ጋቢ ደርበዋል፤ ጋዜጣውን በአራት አጥፈው በኪሳቸው ይዘውታል። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ዘረጉትና፣

«ልጄ፣ ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?» አሉኝ።

«አዎን ጋሼ።»

«ሱቄ መጥተህ ነበር?»

«አልመጣሁም።»

«ከዚህ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው።»

ከዚህ ሌላ የቁጣ ቃል አልወጣቸውም። የጠየቁት አንድ ነገር ነበር፦ መለቀቃቸው በዚያው ገጽ፣ በዚያው ስፍራ እንዲወጣ። ዋና አዘጋጁ ቦታ የለም አሉ። ዜናው በውስጥ ገጽ፣ ከሐራጅ ማስታወቂያ ሥር፣ ስድስት መስመር ሆኖ ወጣ። የመጀመሪያው አራት ዓምድ ሞልቶ ነበር።

ያን ቀን የሚያስፈልገኝ ምን ነበር ብዬ ደጋግሜ አስባለሁ። ትልቅ የምርመራ ችሎታ አላስፈለገኝም። ፖሊስ የሰጠውን ቃል ለፖሊስ ብተወው፣ ሰውየው ተጠርጣሪ መሆናቸውን በግልጽ ብጽፍ፣ ሱቁ ድረስ ሄጄ ልጃቸውን ወይም ጠበቃቸውን ባነጋግር፣ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ቀን በማስታወሻዬ ብይዝ በቂ ነበር። ስማቸውን ማተሙ ለማን ይጠቅማል ብዬ መጠየቅም ነበረብኝ። ገና ክስ ያልተመሠረተበት ሰው ስም የሚታተመው የሕዝብ ጉዳይ ሲኖርበት ነው፤ ለምሳሌ ሰውየው የሕዝብ ገንዘብ የሚያስተዳድር ሹም ሲሆን። የአንድ ወርቅ ቤት ባለቤት ጉዳይ ግን ስማቸው ሳይጠራም ሊነገር ይችል ነበር።

ሕጉ ይህን መንገድ በደረጃ አስቀምጦታል። አንድ ሰው ሲያዝ ተጠርጣሪ ነው፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ሲል ጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል፤ በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 መሠረት በአንድ ጊዜ የሚፈቀደው ከ14 ቀን አይበልጥም። ዐቃቤ ሕግ ክስ ሲመሠርት ተከሳሽ ይሆናል። ጥፋተኛ የሚባለው ፍርድ ቤት ማስረጃውን መዝኖ ሲወስን ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ተከሳሽ በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር፣ በአንቀጽ 24 ደግሞ ሰው ሁሉ ክብሩና መልካም ስሙ እንዲጠበቅለት ደንግጓል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ጸሐፊው የመጉዳት ሐሳብ ሳይኖረው እንኳ የሰው ስም ሊጠፋ እንደሚችል ያውቃል። አራዳ ምድብ ችሎት ደጃፍ ቆሞ የሚውል ማንኛውም ዘጋቢ እነዚህን ደረጃዎች በቃሉ ይዟቸዋል፤ ዜናው ዝግጅት ክፍል ሲደርስ ግን ተጠርጣሪው በርዕስ ላይ «ወንጀለኛ» ሆኖ ያድራል። ርዕሱ አጭር መሆን አለበት ይባላል። «ተጠርጣሪ» አምስት ፊደል ነው፤ «ወንጀለኛ»ም አምስት።

የፍትሐዊነት ትልቁ ፈተና የሚመጣው የምንጠላው ሰው ሲከሰስ ነው። በ2004 እና በ2005 ዓ.ም. የመንግሥት ቴሌቪዥን በሽብር የተጠረጠሩና የተከሰሱ ሰዎችን የሚመለከቱ ዘጋቢ ፊልሞችን ፍርድ ሳይሰጥ ሲያሳይ ብዙዎቻችን አዝነን ነበር። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ደግሞ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን የቀድሞ ዋና ኃላፊ እጃቸው በካቴና ታስሮ በቴሌቪዥን ታዩ፤ ስለ ኮርፖሬሽኑ የተሠሩ ዘጋቢ ፊልሞችም ክርክሩ ሳይሰማ ተላለፉ። በዚያ ሰሞን ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ውስጥ ነበርኩ፤ ሰው እያጨበጨበ ያይ ነበር። ካጨበጨቡት መካከል ከስድስት ዓመት በፊት ያዘኑትን አውቃቸዋለሁ። ደስታቸው ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ በኮርፖሬሽኑ የተማረረው ብዙ ነበር። ነገር ግን ያ የቴሌቪዥን አሠራር አልተለወጠም ነበር፤ የተለወጠው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው።

የውጭው መገናኛ ብዙኃንም ከዚህ ፈተና ነፃ አይደለም፤ እኛም በተራችን ተጎድተንበታል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ከቦሌ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከስድስት ደቂቃ በኋላ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከሰከሰና 157 ሰዎች አለቁ። ምርመራው ገና ሳይጠራ ስለ አብራሪዎቹ ልምድና ሥልጠና የሚያጠያይቁ ዘገባዎች ዓለምን ዞሩ። የረዳት አብራሪው የበረራ ልምድ 200 ሰዓት ነው ተባለ፤ ቁጥሩን መጀመሪያ የሰጠው ራሱ አየር መንገዱ ነበር። መጋቢት 26 ቀን የወጣው የመጀመሪያ ደረጃ የምርመራ ሪፖርት ግን 361 ሰዓት አለው። ሪፖርቱን ያቀረቡት የትራንስፖርት ሚኒስትሯ ዳግማዊት ሞገስ አብራሪዎቹ አምራቹ ያወጣውን የአሠራር ቅደም ተከተል ደጋግመው እንደፈጸሙ፣ አውሮፕላኑን ግን መቆጣጠር እንዳልቻሉ ተናገሩ። በዚያው ቀን የቦይንግ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ከአውሮፕላኑ ዳሳሽ የመጣ የተሳሳተ መረጃ አፍንጫውን ወደ ታች የሚደፋውን ሥርዓት እንዳስነሣው አመኑ። (እዚህ ላይ «አመኑ» የሚለውን ግሥ አውቄ ነው የመረጥኩት፤ ሰውየው የተናገሩት በራሳቸው ኩባንያ ላይ ነው።)

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ለእኔ በቀለለኝ። አያበቃም። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የመጨረሻው ሪፖርት ሲወጣ የአሜሪካና የፈረንሳይ የአደጋ መርማሪ መሥሪያ ቤቶች ያ ሥርዓት ለአደጋው ምክንያት መሆኑን ተቀብለው፣ የአብራሪዎቹ ክንዋኔ ግን በሪፖርቱ በበቂ አልታየም የሚል ተቃውሞ በጽሑፍ አወጡ። በኢትዮጵያ በኩል ያሉት መርማሪዎች ይህን አልተቀበሉም። በዚያ ጠዋት የሞቱትን የአገሬን ልጆች አከብራለሁ፤ ቢሆንም የተቃራኒውን ወገን ቃል ከዚህ ጽሑፍ ብቆርጠው፣ በመጋቢት 2011 በውጭዎቹ ጸሐፊዎች ላይ የነበረኝን ቅሬታ ራሴ በሌላ አቅጣጫ እደግመው ነበር። መርማሪዎቹ የሚለያዩት በምን ላይ እንደሆነ፣ የሚስማሙትም በምን ላይ እንደሆነ አንባቢው ሁለቱንም ማየት አለበት።

ሚዛናዊነት የሚለው ቃላችን በዚህ ረገድ አንዳንዴ ያሳስተናል። ሚዛን ሲባል ሁለት እኩል ክብደት በዓይነ ሕሊና ይመጣል፤ ስለዚህ ለአንዱ ሦስት አንቀጽ ከሰጠን ለሌላውም ሦስት አንቀጽ እንሰጣለን። የገበያ ሚዛን ግን የተጫነበትን ያህል ያሳያል እንጂ ጤፉንና ጭዱን እኩል አያደርግም። ሁለት ወገን ተናግሮ አንዱ ሰነድ ካቀረበ፣ ሌላው ደግሞ ስድብ ብቻ ካቀረበ፣ ዘገባው ይህንኑ ማሳየት አለበት። ፍትሐዊነት የሚጠይቀው ለሁለቱም እኩል የመናገር ዕድልና እኩል ጥያቄ መስጠትን ነው።

ስለ ዕድል ካነሣሁ፣ በጋዜጦቻችን ውስጥ በጣም ከሚደጋገሙት ዓረፍተ ነገሮች አንዱን ላንሣ፦ «ምላሻቸውን ለማካተት ያደረግነው ጥረት ስልካቸው ባለመነሳቱ አልተሳካም።» ይህ ዓረፍተ ነገር እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ስንት ጊዜ ተደወለ? በስንት ሰዓት? ዜናው ለሦስት ሳምንት ሲሠራ ቆይቶ የተወቃሹ ስልክ የሚደወለው ጋዜጣው ማተሚያ ቤት ሊገባ አንድ ሰዓት ሲቀረው ከሆነ፣ ያ ጥረት ሊባል አይችልም። አንድ ሰው ሰርቋል፣ አጭበርብሯል፣ ገድሏል የሚል ነገር ስለ እሱ ሊታተም ሲል፣ ውንጀላው በዝርዝር ተጽፎ እንዲደርሰው፣ ለመመለስም የሥራ ቀናት እንዲሰጡት ይገባል። ዝም ካለም «ማክሰኞና ረቡዕ አራት ጊዜ ደውለን፣ ጥያቄዎቻችንን በጽሑፍ ለጽሕፈት ቤታቸው አስገብተን እስከ ዓርብ መልስ አላገኘንም» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ይህን ያነበበ ሰው ዝምታውን ራሱ ይመዝናል።

የዚህ ሌላኛው ጎን የኃላፊዎች ዝምታ ነው፤ እሱንም ማለፍ ትክክል አይሆንም። መረጃ የማግኘት መብት በአዋጅ ቁጥር 590/2000 ተደንግጎ ሳለ፣ ጥያቄ ይዞ መሥሪያ ቤት የሄደ ጋዜጠኛ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» በሚል ቃል ለቀናት ይመላለሳል። መግለጫ ሲኖራቸው ግን መኪና ልከው፣ አበል ከፍለው ይጠሩታል። በአበል የተጠራ ዘጋቢ መግለጫውን ይዞ ይመለሳል፤ ለሌላው ወገን የሚደውልበት ጊዜም ወኔም አይተርፈውም። ደመወዙ የቤት ኪራይ የማይችል ወጣት ላይ ልፈርድ አልፈልግም። ያን ገንዘብ መክፈል የነበረበት የላከው የዝግጅት ክፍል ነው፤ አንባቢም ሊያውቀው ይገባል።

ስማቸው እንዳይጠቀስ የሚፈልጉ ምንጮችም እንዲሁ ናቸው። በአገራችን ይህ ፍላጎት ብዙ ጊዜ እውነተኛ ፍርሃት ነው፤ ሰው ከሥራው ሊባረር፣ ሊታሰር ይችላል። ስለዚህ ስም መደበቅን አልቃወምም። የምቃወመው «ታማኝ ምንጮች» በሚል ማሰሪያ የሚቆመውን ነው። ምንጩ ስሙን ቢደብቅም ያወቀበት መንገድ ሊነገር ይችላል፦ ስብሰባው ላይ ነበር ወይስ ከስብሰባው የወጣ ሰው ነገረው? ሰነዱን አይቷል ወይስ ስለ ሰነዱ ሰምቷል? ስሙ ለምን ተደበቀ? እሱን ያላየ፣ ከእሱም ያልሰማ ሁለተኛ ሰው አለ? ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል፤ ሁለቱ ግን ከአንድ ምንጭ የቀዱ ከሆኑ አሁንም አንድ ናቸው።

የተጻፈ ነገር ሁሉ ሰነድ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሠፈሮች ሲፈርሱ አንዲት እትዬ የምላቸው ጎረቤታችን ስልካቸውን ይዘው መጡ፤ በቴሌግራም የደረሳቸው ደብዳቤ ቤታቸው በሳምንት ውስጥ እንደሚፈርስ ይናገራል። ክብ ማኅተም አለው፤ ቲተር አለው፤ ግልባጭ የሚደርሳቸው ክፍሎች ተዘርዝረዋል። ቀኑ ግን «መጋቢት 31» ይላል። የኢትዮጵያ ወር 30 ቀን እንጂ 31 የለውም። ይህን ስነግራቸው ዝም ብለው አዩኝ፤ ቁም ሳጥናቸውንና አልጋቸውን በዚያ ጠዋት በርካሽ ሸጠው ነበር። ወር ስንት ቀን እንዳለው ሳያውቁ ቀርተው አልነበረም፤ ማኅተም ያየ ዓይን ቀን አያይም። የደብዳቤ ቁጥሩን ይዞ ላከ ወደተባለው መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት መሄድ፣ ፊርማውን ከሌላ ደብዳቤ ጋር ማስተያየት፣ ፎቶግራፍ ከሆነም ቀድሞ የት እንደታተመ በምስል መፈለጊያ መሞከር ጋዜጠኛ ሊማራቸው የሚገባ ነገሮች ናቸው። የጎርጎርዮስንና የእኛን አቆጣጠር፣ የስድስት ሰዓቱንም የሰዓት ልዩነት እየቀያየረ የሚሳሳት ዘገባ እንኳ ስንት ነገር ያበላሻል።

ስለ ሐሰተኛ መረጃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ብዙ ሲወቀስ ኖሯል፤ ወቀሳውም መሠረት አለው፣ የንግግር ወሰንን በእስራት ያስከብራልና። ሆኖም በውስጡ ጥቂት ሰው የሚጠቅሰው አንድ ነገር አለ። ተናጋሪው በነበረበት ሁኔታ የነገሩን እውነትነት ለማረጋገጥ ተገቢውን ጥረት አድርጎ ከሆነ፣ ቃሉ ሐሰተኛ መረጃ ተብሎ አይከለከልም። ሕጉ እንኳ ጋዜጠኛ ፈጽሞ አይሳሳት አይልም፤ ጥረትህን አሳየኝ ነው የሚለው። ይህ ድንጋጌ በችሎት ሊመዘን የሚችለው ግን ጋዜጠኛው ችሎት ሲደርስ ነው። ክስ ሳይመሠረትባቸው በጊዜ ቀጠሮ ሳምንታት የሚቆዩ የሙያ ባልደረቦች አሉን፤ ከእኛ ማስረጃ የሚጠይቅ መንግሥት የራሱን ማስረጃም በዚያው ፍጥነት ማቅረብ አለበት። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም ስም ማጥፋትን ከወንጀልነት አውጥቶ ወደ ፍትሐ ብሔር ማዛወሩ ትልቅ እርምጃ ነበር። ጋዜጠኛው ከእስር ሥጋት በተላቀቀ መጠን የተበደለው ሰው ካሳና እርማት የሚያገኝበት በር መስፋት ነበረበት፤ እዚህ ላይ እኛው ቀርተናል።

እርማት በጋዜጦቻችን ብርቅ ነው። ሲወጣም ስሕተቱ ምን እንደነበር አይናገርም፤ «ባለፈው ዕትማችን የተፈጠረውን ስሕተት እናርማለን» ብሎ ያልፋል። በቴሌግራም ደግሞ የተሳሳተው መልእክት በድብቅ ይጠፋል፤ ቀድሞ የተቀባበሉት ሰዎች ስልክ ውስጥ ግን ይኖራል። የተሳሳተው ዓረፍተ ነገር፣ ትክክለኛው ዓረፍተ ነገርና ስሕተቱ እንዴት እንደተፈጠረ በዚያው ገጽ፣ በዚያው መጠን ቢወጣ ጋዜጣው ይዋረዳል ብለው የሚፈሩ አዘጋጆች አሉ። እኔ ያየሁት ተቃራኒውን ነው፤ እርማት የሚያወጣውን ጋዜጣ ሰው ያልታረመውን ክፍሉን ያምነዋል።

ከዚያ የወርቅ ቤት ባለቤት በኋላ ጥቁር ሽፋን ያለው የመዝገብ ደብተር ገዛሁ። ስለ መያዛቸው ወይም ስለ መከሰሳቸው የጻፍኩባቸውን ሰዎች ስም፣ የችሎቱን፣ የመዝገብ ቁጥሩንና የቀጠሮውን ቀን አሰፍርበታለሁ፤ በመጨረሻው ዓምድ ውጤቱን። ዛሬ ሦስተኛው ደብተር ላይ ነኝ። ሽማግሌው አርፈዋል፤ ሱቃቸው የነበረበት ሕንፃም የለም። በደብተሩ ውስጥ የመጨረሻው ዓምዳቸው ገና ባዶ የሆኑ ስሞች አሉ፤ ከእነሱ አንዱ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት አራዳ ምድብ ችሎት ቀጠሮ አለው።